የወንድሜ የጂን ኤክስፐርት ውጤት «ሪፋምፒሲን ሬዚስታንስ ተገኝቷል» ይላል፤ በአንድ ምርመራ ይታመናል?

ብርቱካን_21 (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ የጤና ባለሙያዎችም በበሽታው ያለፉ ሰዎችም እንዳላችሁ ስለማውቅ ነው የምጽፈው፤ እባካችሁ የምታውቁትን ንገሩኝ።

ታናሽ ወንድሜ 24 ዓመቱ ነው። ደቡብ ወሎ፣ እናታችን ጋ ነው ያለው። እኔ አዲስ አበባ ነኝ። ማሳል ከጀመረ ከወር በላይ ሆነው። መጀመሪያ ጉንፋን ነው ተባለ፣ ሽሮፕ ተሰጠው፣ አልተሻለውም። ከዚያ ሌሊት ሌሊት በላብ መጠመቅ ጀመረ። ሰውነቱ አልቆ ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም አለ። ጤና ጣቢያ ሄዶ አክታ ሰጠ፣ አክታው ጂን ኤክስፐርት በሚባለው ማሽን እንዲመረመር ወደ ሆስፒታል ተላከ፣ ውጤቱ ሲመጣ ተደውሎለት ሄደ።

ወረቀቱን ፎቶ አንስቶ ልኮልኛል። «ቲቢ ተገኝቷል» ይላል። ቀጥሎ መጠኑ «ቬሪ ሎው» ይላል። ከታች ደግሞ «ሪፋምፒሲን ሬዚስታንስ ተገኝቷል»፣ ባክቴሪያው ሪፋምፒሲን የሚባለውን የቲቢ መድኃኒት ተላምዷል ማለት ነው። ነርሷ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ሊሆን ስለሚችል ሌላ አክታ ስጥ፣ ከዚያ ወደ ሕክምና ማዕከሉ ትላካለህ ብላዋለች።

ልጁ በሕይወቱ የቲቢ መድኃኒት ቀምሶ አያውቅም። ታዲያ እንዴት ነው መድኃኒት የተላመደ የሚሆነው? ደግሞስ በሁለት ሰዓት የሚወጣ ውጤት እንዲህ ላለ ከባድ ነገር ይታመናል ወይ? አንድ የዘመድ ልጅ «ማሽኑ ይሳሳታል፣ ካልቸር (ባክቴሪያውን አብቅሎ የሚያይ ምርመራ) እስኪሠራለት ምንም እንዳይጀምር» አለን። እናቴ ደግሞ ጠበል ልውሰደው እያለች ነው። እኔ መሃል ላይ ሆኜ ግራ ገብቶኛል።

የላብራቶሪ_ልጅ

ሰላም እህቴ፣ አይዞሽ። አክታ ስመረምር ነው የምውለው፤ ስለዚህ በማውቀው በኩል ልጀምር።

ወንድምሽ መድኃኒት አለመውሰዱ ከዚህ ነገር ነፃ አያደርገውም። ባክቴሪያው ሌላ ሰው ውስጥ እያለ መድኃኒቱን ተላምዶ፣ ያ ሰው ሲያስል በአየር ወደ ወንድምሽ ሊተላለፍ ይችላል። እንዲህ የሚይዛቸው ብዙዎች ናቸው።

ማሽኑ የሚያደርገውን ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ይህን ካወቅሽ የወረቀቱን ቋንቋ ራስሽ ታነቢዋለሽ። አክታው ላይ እጥፍ የሚሆን ፈሳሽ እንጨምራለን፣ ክዳኑን አጥብቀን እንንጠዋለን፣ 15 ደቂቃ ይቀመጣል፣ መሃል ላይ አንዴ ደግመን እንንጠዋለን። ያ ዝልግልግ አክታ ቀጥኖ ውሃ ሲመስል በፒፔት ቀድተን ካርትሪጅ የምትባል ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ እንጨምራለን። ማሽኑ ላይ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም የሚልበት በር አለ፤ ካርትሪጇን እዚያ አስገብተን በሩ ቀጭ ብሎ ሲዘጋ የእኛ እጅ ሥራ አለቀ። ባክቴሪያውን መሰባበሩም፣ ዲኤንኤውን ማውጣቱም፣ ያንን ማባዛቱም፣ ማንበቡም ካርትሪጇ ውስጥ ነው የሚካሄደው። አልትራ የሚባለው አዲሱ ዓይነት ይህን ሁሉ በ80 ደቂቃ ገደማ ይጨርሳል።

የሚያነበው ምንድን ነው? ሁለት ነገር። አንደኛ፣ የቲቢ ባክቴሪያ ዲኤንኤ አለ ወይስ የለም። ሁለተኛ፣ አርፖቢ በሚባለው ጂን ላይ ለውጥ አለ ወይስ የለም። ሪፋምፒሲን ባክቴሪያውን የሚገድለው ይህ ጂን በሚሠራው ኢንዛይም ላይ ተጣብቆ ነው። ጂኑ ላይ የሆነ ቦታ ከተለወጠ መድኃኒቱ የሚይዘው ያጣል። ደግነቱ ሪፋምፒሲንን ከሚያሸንፉት ለውጦች 95 በመቶ ያህሉ 81 ፊደል በምታህል አንዲት ጠባብ የጂኑ ክፍል ላይ ነው የሚገኙት። ማሽኑ በዚህ ፍጥነት የሚመልሰው ያቺን ቦታ ብቻ ስለሚያይ ነው። ካልቸር ግን ባክቴሪያውን ማብቀል አለበት፣ ይህ ባክቴሪያ ደግሞ በጣም ዘገምተኛ ነው፤ በእንቁላል በተሠራው ጠጣር ምግብ ላይ እስከ 8 ሳምንት ይፈጃል፣ በፈሳሹም ቢሆን አሉታዊ ነው ለማለት 42 ቀን ይጠበቃል። ከዚያ በኋላ ነው መድኃኒት ላይ የሚሞከረው።

ስለዚህ «ማሽኑ ይሳሳታል» ብሎ በደፈናው መተው ትክክል አይደለም። ነገር ግን በወረቀቱ ላይ አንድ ያስቆመኝ ነገር አለ፤ «ቬሪ ሎው» የሚለው። አክታው ውስጥ የነበረው ባክቴሪያ በጣም ጥቂት ነው ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን ማሽኑ የሚያገኘው ምልክት ደካማ ይሆናል፣ አልፎ አልፎም ያንን ድክመት የጂን ለውጥ አድርጎ ይቆጥረዋል። ከዚህ በፊት ቲቢ ታክሞ የማያውቅ፣ መድኃኒት ከተላመደ ታማሚ ጋርም ያልነበረ ሰው ላይ እንዲህ ያለ ውጤት ሲመጣ በአዲስ አክታ እንዲደገም የዓለም ጤና ድርጅትም ይመክራል። ነርሷ ሌላ አክታ ስጥ ያለችው ሥራዋን ስለምታውቅ ነው።

አክታው ግን አክታ ይሁን። ጠዋት ከእንቅልፉ እንደተነሣ፣ አፉን በውሃ ተጉመጥምጦ፣ በረጅሙ ተንፍሶ ከደረቱ ስቦ ያውጣው። ምራቅ እየመጣልን ስንቱን መለስን። ደጅ ወይም መስኮት አጠገብ ይሁን፣ ቤት ውስጥ ሰው መሃል አይሁን።

ሰው_ነኝ_እኮ

ይቅርታ፣ እኔ ግን ይህ ሁሉ ማመላለስ አይገባኝም። የእህቴ ባል እንዲሁ ሳል ይዞት ነበር፣ የግል ክሊኒክ ሄዶ መደበኛውን የ6 ወር መድኃኒት ጀመረ፣ አሁን ድኖ ሥራ ላይ ነው። ልጁ እየከሳ ውጤት እስኪደገም ከሚጠብቅ መደበኛውን ይጀምርና ውጤቱ ሲመጣ ይቀይር። ቢያንስ ባዶ እጁን አይቀመጥም።

የላብራቶሪ_ልጅ

ወንድሜ ከቅንነት እንደሆነ ይገባኛል፣ ግን ይህን ምክር ሰው እንዳይከተለው በግልጽ ልናገር። የእህትህ ባል የያዘው ቲቢ መድኃኒቱን የሚሰማ ነበር፣ ስለዚህ ዳነ። ሪፋምፒሲን በመደበኛው ሕክምና ውስጥ ዋናው መድኃኒት ነው። እሱ የማይሠራ ከሆነ ባክቴሪያው ከቀሩት ጋር ብቻ ነው የሚታገለው፣ እነሱንም አንድ በአንድ እየተላመደ ይሄዳል። ሪፋምፒሲንን የተላመደው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሌላውን ዋና መድኃኒት አይሶኒያዚድንም ተላምዶ ነው የሚገኘው። ታዲያ የቀረው ምንድን ነው? ለዚህ ነው በራስ ውሳኔ ወይም በክሊኒክ ግምት መጀመር የሌለበት። በዚህ ወረቀት ላይ ተመሥርቶ ምን ይጀመር የሚለውን የሚወስነው የመድኃኒት የተላመደ ቲቢ ሕክምና ማዕከሉ ነው። ሕክምናውም በመንግሥት ተቋም በነፃ ነው፣ የገንዘብ ጉዳይ አያስጨንቃቸው።

ተስፋ_አለኝ

ይህን ርዕስ ሳየው ማለፍ አልቻልኩም።

እኔን ያመመኝ በ2004 ዓ.ም ነው። ያኔ እኛ ከተማ ይህ ማሽን አልነበረም። አክታዬ በማይክሮስኮፕ ታየ፣ ቲቢ ነው ተባለ፣ መደበኛውን መድኃኒት ጀመርኩ። አንድም ቀን ሳላጓድል ወሰድኩ። ሽንቴ ብርቱካናማ ሆነ፣ እሱም የሪፋምፒሲን ነው አትደንግጪ አሉኝ። መድኃኒቱ ውስጤ እየገባ እንደሆነ በዓይኔ አያለሁ፣ ሳሉ ግን አይቆምም። በየጊዜው አክታዬ ሲታይ አሁንም ባክቴሪያ አለበት። «በደንብ እየወሰድሽ አይደለም» ይሉኝ ነበር። ይህቺ ቃል ከበሽታው በላይ ታመኛለች። በመጨረሻ ካልቸር ተላከልኝ፣ ወራት ፈጀ፣ መልሱ ሲመጣ መጀመሪያውኑ ሪፋምፒሲንም አይሶኒያዚድም አይነኩትም ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ ታናናሾቼ ጋር አንድ ክፍል ነበር የምተኛው።

ከዚያ ሁለት ዓመት የሚጠጋ ሕክምና። ለወራት በየቀኑ መርፌ። መቀመጫዬ ላይ የሚወጉበት ቦታ አልቆባቸው ግራና ቀኝ ይቀያይሩ ነበር። መርፌው ጆሮ ይጎዳል፤ መጀመሪያ ጭው የሚል ድምፅ መጣ፣ ከዚያ የግራ ጆሮዬ ሄደ። ዛሬም ሰው በግራዬ ሲያናግረኝ ዞር ማለት አለብኝ።

ብርቱካን እህቴ፣ ወንድምሽ በሁለት ሰዓት የተነገረው ነገር እኔ ከግማሽ ዓመት በላይ የጠበቅኩት ነው። ዛሬ መርፌው ከዋናው ሕክምና ወጥቷል፣ ሕክምናውም ለብዙ ሰው 6 ወር ሆኗል። ውጤቱን በጥርጣሬ አታስቀምጡት። ይደገም፣ ግን ነገ ዛሬ ሳትሉ ይደገም። አንድ ነገር ልጨምር፤ ሁለተኛውን አክታ ከሰጠ በኋላ ዝም ብሎ ስልክ አይጠብቅ። አብራኝ ትታከም የነበረች ልጅ ውጤቷ ወጥቶ መዝገብ ውስጥ ተቀምጦ ነበር፣ የሚነግራት ጠፍቶ ነው የቆየችው። ስማችሁን ሰጥታችሁ ሄዳችሁ ጠይቁ፣ አይፈርባችሁም።

ብርቱካን_21 (ጠያቂ)

ተስፋ እህቴ አስለቀስሽኝ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የላብራቶሪ ልጅ፣ አንተንም በጣም አመሰግናለሁ፣ እንዲህ አብራርቶ የነገረን ሰው አልነበረም።

ዛሬ ጠዋት ደውዬ በደንብ ጠየቅኩት። አምና አዋሽ አካባቢ ግንባታ ላይ ሲሠራ ከሌሎች ሠራተኞች ጋር አንድ ክፍል ተከራይተው ነበር። አንዱ ልጅ «የቲቢ መድኃኒት አልሠራልህ አለ» ተብሎ ወደ ሌላ ሆስፒታል ተልኮ ነበር አለኝ። ያኔ ማንም እነሱን ኑ ተመርመሩ አላላቸውም። ይህ ነገር ለውጥ ያመጣል?

የቲቢ_ክሊኒክ_ሐኪም

አዎ፣ በጣም ለውጥ ያመጣል። ዛሬውኑ ለነርሷ ወይም ለሕክምና ማዕከሉ ይንገር፣ ካርዱ ላይ ይጻፍ።

የላብራቶሪው ባለሙያ ያለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ ከሐኪም ወገን ልጨምርበት። ያው አንድ ውጤት ሁለት ሰው ላይ ሲመጣ አንድ ዓይነት ትርጉም የለውም። ተጋላጭነት የሌለው ሰው ላይ «ሪፋምፒሲን ሬዚስታንስ» ከ«ቬሪ ሎው» ጋር ሲመጣ መጀመሪያ እጠራጠራለሁ። መድኃኒት አልሠራለት ካለ ሰው ጋር አንድ ክፍል ለወራት የተኛ ሰው ላይ ግን ያው ወረቀት ሲመጣ አምነዋለሁ። ማሽኑ የማያውቀው ይህን ታሪክ ነው። ስለዚህ አሁን ሁለተኛው አክታ ይሰጥ፣ ነገር ግን ወደ ማዕከሉ መላኩ እሱን እየጠበቀ አይዘግይ።

ማዕከሉ ሲደርስ የሚቀጥለውን ምርመራ መጠየቅ አለባችሁ። ይህ ካርትሪጅ የሚነግረን የሪፋምፒሲንን ነገር ብቻ ነው። ስለ አይሶኒያዚድ ምንም አይልም፣ ለተላመደ ቲቢ ስለሚሰጡት ሌቮፍሎክሳሲንና ሞክሲፍሎክሳሲንም ምንም አይልም። እነዚህን የሚያይ ሌላ ካርትሪጅ አለ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ነው የተቀበለው፤ ባለ 10 ቀለም የሆነ አዲስ ሞጁል (ካርትሪጁ የሚገባበት የማሽኑ ክፍል) ስለሚፈልግ ግን በየቦታው ያለው ማሽን ላይ አይሠራም። በሪፈራል ላብራቶሪዎች የሚሠራ ላይን ፕሮብ የሚባልም አለ፤ ውጤቱ ወረቀት ላይ በመስመር በመስመር የሚወጣው ማለት ነው። ለምን ያስፈልጋል ካላችሁ፣ ድርጅቱ በ2022 የመከረው የ6 ወር ሕክምና ቤዳኩዊሊን፣ ፕሪቶማኒድ፣ ሊኔዞሊድና ሞክሲፍሎክሳሲን ነው። ባክቴሪያው ሞክሲፍሎክሳሲንን ተላምዶ ከሆነ እሱ ይወጣል። ይህን በግምት አናደርገውም። የዘመድ ልጅ ያለው ካልቸርም ቢሆን ይላክ፤ የሕክምናው መጀመር ግን እሱን አይጠብቅም።

ማሽኑ የማያያቸው ለውጦችም እንዳሉ መዘንጋት የለበትም። በኢስዋቲኒ ከዚያች 81 ፊደል ክልል ውጭ የሆነ አንድ ለውጥ በመድኃኒት በተላመዱት ባክቴሪያዎች ውስጥ በብዛት ተገኝቷል፣ በ2015ም በሕክምና መጽሔት ላይ ታትሟል። እዚያ ማሽኑ «ሬዚስታንስ የለም» እያለ ታማሚው ግን አይሻለውም። ለዚህ ነው ማሽኑ መልካም ዜና የነገረው ሰው ሁለት ወር ታክሞ ካልተሻለው ወረቀቱን ይዤ ከመከራከር ካልቸር የምልክለት።

እናትሽን በተመለከተ፣ ጠበሉን አልቃወምም። መድኃኒቱን ግን አያቋርጥ፤ ብዙ አባቶችም ሁለቱን አብራችሁ አስኪዱ ነው የሚሉት። የምፈራው ጠበል ቦታ ሰው ተጨናንቆ የሚያድርበትን ዝግ ክፍል ነው። ሕክምናው ጀምሮ ማስተላለፉ እስኪቀንስ ድረስ ጠበሉን ቤት ታምጣለት።

ሰው_ነኝ_እኮ

ዶክተር አመሰግናለሁ፣ የላብራቶሪ ልጅም እንዲሁ። አሁን ገባኝ። አንድ ጥያቄ ልጠይቅ፤ ሕክምናውን ጨርሶ መዳኑን ለማወቅም ይህ ማሽን ነው የሚያገለግለው? ፈጣን ከሆነ በየወሩ ለምን አይታይበትም?

የቲቢ_ክሊኒክ_ሐኪም

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። አያገለግልም። ማሽኑ የሚያነበው ዲኤንኤ ነው፣ ዲኤንኤ ደግሞ ባክቴሪያው ከሞተም በኋላ ሰውነት ውስጥ ይቆያል። መድኃኒቱ በደንብ እየሠራለት ያለ ሰው አክታ ውስጥ የሞቱት ቅሪት ስላለ ማሽኑ «ተገኝቷል» ሊል ይችላል። በዚህ ምክንያት የዳነ ሰው እንደገና መድኃኒት ሲጀመርለት አይቻለሁ። ክትትሉ በማይክሮስኮፕና በካልቸር ነው፤ ካልቸር የሚያበቅለው በሕይወት ያለውን ብቻ ነው። ከዚህ በፊት ታክሞ የሚያውቅ ሰው አልትራ ላይ «ትሬስ» የሚል ውጤት ሲመጣለትም በጥንቃቄ ነው የማየው። ትሬስ ማለት ማሽኑ ከሚያገኘው ሁሉ ትንሹ መጠን ነው፣ ስለ ሪፋምፒሲንም ምንም ሊናገር አይችልም።

ሕፃናት_ክፍል

ርዕሱን ትንሽ ላስፋው፣ ብርቱካን ይቅርታ። የምሠራው የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነው። ይህን ውይይት ሳነብ ቀናሁ ማለት እችላለሁ። ለቲቢ በ80 ደቂቃ የሚነገረንን ነገር ለደም ኢንፌክሽን ብናገኘው ስንቱን ሕፃን እናተርፍ ነበር።

የአራት ቀን ልጅ ይታመምብናል። መጥባት ይተዋል፣ ይቀዘቅዛል፣ ትንፋሹ ይፈጥናል። ደም ለካልቸር እንወስዳለን፣ ጠርሙሱ ውስጥ ባክቴሪያ እስኪያድግ፣ ከዚያ መድኃኒት እስኪሞከርበት ሁለት ሦስት ቀን ይሄዳል። እስከዚያ አምፒሲሊንና ጀንታማይሲን እንሰጣለን። ባክቴሪያው ክሌብሲየላ ከሆነ እነዚህን አይሰማም፣ ብዙ ጊዜ ሴፍትሪያክሶንንም አይሰማም። ልጁ በሦስተኛው ቀን የለም፣ ውጤቱ ግን በሦስተኛው ቀን ይመጣል። እናትየው ውጪ ኮሪደር ላይ ነጠላዋን ተከናንባ ተቀምጣ ትጠብቃለች፣ ምን እንደምላት አላውቅም።

ይኸው ጂን ኤክስፐርት ማሽን እኮ የእነዚህንም ጂን የሚያነብ ካርትሪጅ አለው። ኤንዲኤም፣ ኬፒሲ፣ ኦክሳ-48 የሚባሉትን፣ ሜሮፔኔም የሚባለውን ጠንካራ አንቲባዮቲክ የሚያከሽፉትን ጂኖች ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ያሳያል። ማሽኑ ብዙ ሆስፒታሎች ውስጥ ቆሟል። የሌለው ካርትሪጁ ነው። ለምንድን ነው የማይመጣው?

የላብራቶሪ_ልጅ

እህቴ ያልሽው ልቤን ነክቶታል፣ ቁም ነገሩም እውነት ነው። የማውቀውን ልንገርሽ።

አንደኛው ዋጋ ነው። የቲቢው ካርትሪጅ በዓለም አቀፍ ድጋፍና ድርድር ነው የረከሰው፤ ለዝቅተኛ ገቢ አገሮች ለዓመታት 9.98 ዶላር ነበር፣ በሽተኞችና ተሟጋቾች ብዙ ከጮሁ በኋላ በ2023 ወደ 7.97 ዶላር ወረደ። ለደም ኢንፌክሽን እንዲህ የተደራደረለት የለም። ሁለተኛው፣ ያልሽው ካርትሪጅ የተሠራው በፊንጢጣ ስዋብና በበቀለ ባክቴሪያ ላይ እንዲሠራ ነው እንጂ በቀጥታ በሕፃን ደም ላይ አይደለም። ሕፃኑ ደም ውስጥ ያለው ባክቴሪያ በጣም ጥቂት ነው፣ ካልቸር ጠርሙስ ውስጥ ሳያድግ በጂን ለመያዝ ይከብዳል። ቲቢ ላይ ተሳካልን ያልነው አክታው ውስጥ ብዙ ባክቴሪያ ስላለ ነው፤ አልትራ በአንድ ሚሊ ሊትር 16 ያህል ቢኖር ያገኛል፣ ለማይክሮስኮፕ ግን ሺዎች ያስፈልጉታል።

ሦስተኛው እኔን በየቀኑ የሚያናድደኝ ነው። ቲቢ ላይ አንድ ጂን ካየሽ ስለ አንድ መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ መናገር ትችያለሽ። ክሌብሲየላ ግን በአሥር መንገድ ነው የሚያመልጠው። ጂኑ ከተገኘ ሜሮፔኔም አይሠራም ማለት ትችያለሽ፣ ጂኑ ካልተገኘ ግን ሜሮፔኔም ይሠራል ማለት አትችዪም። ግድግዳውን አጥብቦ መድኃኒቱን የሚከለክልም አለ፣ የገባውን ገፍቶ የሚያስወጣም አለ። ስለዚህ ካልቸሩ ይቀጥላል።

እንዲያም ሆኖ ክፍልሽ ውስጥ ወረርሽኝ ሲጠረጠር ካርትሪጁ ይጠቅማል። የትኛው ሕፃን ተሸካሚ እንደሆነ በሰዓት ውስጥ ካወቃችሁ ለይታችሁ ታስተኛላችሁ። ጥያቄሽን በጽሑፍ ወደ ክልል ላብራቶሪ አድርሱት፣ ብቻሽን አትጻፊው፣ ክፍሉ ውስጥ ያላችሁ ሁሉ ፈርሙበት።

ተስፋ_አለኝ

ስለ ማሽኑ መቆም ካነሣችሁ አንድ ነገር ልበል። እኛ አካባቢ ማሽኑ አለ፣ ግን ከአራቱ በሮች ሁለቱ ተበላሽተው ቆይተዋል። መብራት ሲጠፋ የጀመረው ምርመራ ይበላሻል፣ ካርትሪጁም ይባክናል። በመሃል የኤችአይቪ ቫይረስ መጠንም በዚሁ ማሽን ይሠራል፣ ወረፋ ነው። የሁለት ሰዓት ምርመራ የሳምንት ይሆናል። ሰው «ፈጣን ምርመራ» ሲል እነዚያን የተዘጉ በሮች ነው የማስበው።

የላብራቶሪ_ልጅ

እውነት ብለሻል። ካርትሪጁም ከ2 እስከ 28 ዲግሪ ነው መቀመጥ ያለበት፤ ቆላ አካባቢ ያለ ጤና ጣቢያ ያለ ማቀዝቀዣ ይህን እንዴት ያሟላ? ሞጁሎቹ በየጊዜው መፈተሽ አለባቸው። የሚጠግን ሰው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ አክታውን ወደ ሌላ ከተማ እንልካለን። አክታ በፖስታ ቤት መጓጓዙ ብዙ ረድቶናል፤ ውጤቱ ወደ ታማሚው ሲመለስ ግን ያው መንገድ ላይ ይቀራል። እኔ ሪፋምፒሲን ሬዚስታንት ሲወጣ ወረቀቱን መዝገብ ውስጥ አላስቀምጥም፣ ለቲቢ ክፍሉ በዚያው ሰዓት እደውላለሁ። ላብራቶሪ የምትሠሩ ሁሉ ይህን አድርጉ፣ እባካችሁ።

ብርቱካን_21 (ጠያቂ)

ውጤት ላካፍላችሁ። ሁለተኛው አክታም «ሪፋምፒሲን ሬዚስታንስ ተገኝቷል» አለ፣ አሁን መጠኑ «ሎው» ነው። አብሮት ስለኖረው ልጅ ነግሯቸው ስለነበር ማዕከሉ አስቀድሞ ተቀብሎታል። አክታው ለሌሎቹ መድኃኒቶች ምርመራ ተልኳል፣ የልብ ምርመራ (ኢሲጂ) እና የደም ምርመራ ተሠርቶለት መድኃኒት ጀምሯል። እናቴ ጠበሉን በጀሪካን ወደ ቤት አምጥታለች፣ ዶክተር እንዳሉት።

የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። እናቴ ቤት የታላቅ እህታችን ሁለት ልጆች አሉ፣ አንዷ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ሌላው ሰባት። አያስሉም፣ ይጫወታሉ። እነሱንም ላስመርምር ወይስ ምልክት እስኪያሳዩ ልጠብቅ?

የቲቢ_ክሊኒክ_ሐኪም

አትጠብቂ፣ እህትሽ በዚህ ሳምንት ሁለቱንም ትውሰዳቸው። እናትሽም አብራቸው ትሂድ። በተለይ የሦስት ዓመቷ፤ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ከተያዙ በሽታው በፍጥነት ነው የሚያድገው፣ አንዳንዴም ወደ አንጎል ይሄዳል። ማሳል የግድ የለም። ኪሎ አለመጨመር፣ መነጫነጭ፣ የሚቆይ ትኩሳት ብቻ ሊሆን ይችላል።

ትንሽ ልጅ አክታ ማውጣት ስለማይችል ሰገራዋን መስጠት ትችላለች፤ የሚውጡት አክታ እዚያ ይወርዳል፣ ማሽኑም ከሰገራ ላይ ያነበዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ይህንንም ተቀብሎታል። ጤነኛ ሆነው ከተገኙ የመከላከያ መድኃኒት ጉዳይ ይነሣል። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ለመደበኛ ቲቢ ንክኪዎች የሚሰጠው አይሶኒያዚድ ለእነዚህ ልጆች ላይሠራ ይችላል። መድኃኒት ከተላመደ ታማሚ ጋር ለሚኖሩ ድርጅቱ በ2024 የመከረው በየቀኑ ለ6 ወር የሚወሰድ ሌቮፍሎክሳሲን ነው፣ እሱም የወንድምሽ ባክቴሪያ ያንን መድኃኒት ካልተላመደ ነው። ስለዚህ የተላከው ምርመራ ሲመለስ የውጤቱን ኮፒ ልጆቹን ወደሚያየው ሐኪም ይዛችሁ ሂዱ። ኮፒውን እናንተው ጠይቃችሁ ተቀበሉ፣ በፋይል ይደርሳል ብላችሁ አትተዉት።